የባቱል ሲሶ

የፍርድ ቤቱ መልእክተኛ በሩን ሲያንኳኳ ባቱል ሦስት እስፒል በከንፈሯ ነክሳ የአንዲት ሙሽራ ካፍታን ትዘመዝም ነበር። ፈርሚ አላት፣ ፈረመች። ወረቀቱን ሰጥቷት ደረጃውን ከመውረዱ በፊት «ላላ፣ እመቤቴ፣ እኔ አድራሽ ብቻ ነኝ» አለ። እንዲህ የሚል መልእክተኛ ደህና ነገር ይዞ መጥቶ አያውቅም።

ወረቀቱ አጭር ነው። ወንድሟ አብዱልዋሒድ ከአባታቸው በወረሱት፣ በማርቲል ከተማ ባለው ቤት ላይ ያለውን ሁለት እጅ ለሐጅ ምፈደል በአራት መቶ ሰማንያ ሺህ ድርሃም ሸጧል። የሲሶው ባለቤት ባቱል የሸሪክነት መብቷን ተጠቅማ ድርሻውን ከገዢው መልሳ መውሰድ ከፈለገች፣ ዋጋውንና ወጪውን በሠላሳ ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤቱ ታስገባ። ካላስገባች መብቷ ይቀራል።

ሁለቴ አነበበችው። በመጀመሪያው የወንድሟ ስም ላይ ቆመች፣ በሁለተኛው የገዢው ስም ላይ። ከዚያ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣች፤ ውጣቸው እንዳትሞት ፈርታ ነው። አሁን መሞት አልፈለገችም።

ሐጅ ምፈደልን ማርቲል ውስጥ የማያውቅ የለም። ለበጋ የሚከራዩ አፓርታማዎች ይሠራል፤ ባሕሩ ዳር አሥራ አራት ሕንፃ አለው። በራሱ ገንዘብ አንድ ጡብ አስቀምጦ አያውቅም ይባላል፣ እውነት ነው። ጉድጓድ ያስቆፍርና ጉድጓዱን ለፌዝ ከተማ ነጋዴዎች ይሸጣል፤ እነሱ በየሦስት ወሩ በሚከፍሉት ሕንፃው ይቆማል፣ ሕንፃው ሳያልቅ በቀብዱ ሌላ መሬት ይገዛል። ሰው ይህን ጮሌነት ይለዋል። ባቱል ሌላ ስም ነበራት ለዚህ ሰው፣ ግን ሴት ልጆቿ ፊት አትጠራውም።

ባሏ ዓላል ጂብስ ሠሪ ነበር። የማርቲልን ኮርኒስ ግማሹን የቀረፀ እጅ ነበረው። ለሐጅ ምፈደል ዘጠኝ ዓመት ሠራ፣ አንድም ወረቀት ሳይፈርም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከፎርማኑ እጅ ይቀበላል፣ በቃ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በሸዕባን ወር፣ መወጣጫው ከአራተኛ ፎቅ ይዞት ወረደ። ኢንሹራንሶቹ መጥተው ሲጠይቁ ሐጅ ምፈደል አንድ ወረቀት ላይ ፈረመ፦ ሟቹ የእኔ ሠራተኛ አልነበረም፣ በራሱ ፈቃድ ወደ ግንባታው የገባ ሰው ነው። ፎርማኑም መሰከረ። ባቱል የአራትና የሰባት ዓመት ልጆቿን ይዛ ከችሎቱ ኋላ ቆማ ነበር። ሳንቲም አልተሰጣትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰው ሠርግ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን አሳደገች፤ ሰውየው በመኪናው ባጠገቧ ባለፈ ቁጥር የልቧን በልቧ ይዛ።

እና አሁን ይኸው ሰው የአባቷ ቤት ሁለት እጅ ባለቤት ነው። ከላዩ ፎቅ የምትኖርበትን ሲሶዋንም ውሎ አድሮ በሐራጅ ያስሸጥባታል፤ ማርቲል ላይ የዚህ ዓይነት ሰው ከሴት ጋር በሽርክና ቤት ይዞ ሲኖር የታየበት ጊዜ የለም። ያፈርሰዋል፣ ይቆፍራል፣ ጉድጓዱን ለፌዝ ነጋዴዎች ይሸጣል።

በማግስቱ ወረቀቱን ለጠበቃዋ ለኢሕሳን ወሰደችላት። ኢሕሳን የሰፈር ልጅ ናት፤ የምረቃ ልብሷን የሰፋችላት ባቱል ነበረች፣ ስለዚህ አክስቴ ነው የምትላት። ልጅቷ ወረቀቱን አነበበች፣ ደግማ አነበበች፣ ከዚያ መሳቅ ጀመረች።

«አክስቴ፣ ይህ ሰው ትዕቢተኛ ብቻ አይደለም፣ ስስታምም ነው» አለች። «ባያሳውቅሽ ኖሮ አንድ ዓመት ሙሉ መብትሽ ይቆይ ነበር፣ እሱም መቆፈር አይችልም። ቸኩሎ ነው። ሠላሳ ቀን ሰጥቼ ላስፈራራትና ይለቅ ብሎ ነው። ልብስ ሰፊ ከየት ታመጣለች ብሎ ነው።»

«ከየት አመጣለሁ?» አለች ባቱል።

«ቆይ። ሁለት እጁ በገበያ ስንት ያወጣል?»

ይህን ወደቡ ላይ ሰርዲን የምትሸጥ ሴትም ታውቃለች። ከአንድ ሚሊዮን ሦስት መቶ ሺህ ካነሰ፣ ወይ ገዢው ሌባ ነው ወይ ሻጩ ቂል። ወረቀቱ የሚለው ግን አራት መቶ ሰማንያ ሺህ። ቀሪው ስምንት መቶ ሃያ ሺህ በከረጢት ከእጅ ወደ እጅ ሄዷል፤ ገዢው የውል ማስመዝገቢያውን ግብር እንዲቀንስ፣ ሻጩም የትርፍ ግብሩን። እዚህ አገር ቤት እንዲህ ነው የሚሸጠው፤ በእውነተኛው ዋጋ የሚያስጽፍ ሰው ቢገኝ ሰዉ እንደ በሽተኛ ያየዋል። ሐጅ ምፈደልም የለመደውን ነው ያደረገው። የረሳው ነገር ቢኖር፣ ሸሪክ ያለበትን ድርሻ ሲገዛ ሸሪኳ የምትከፍለው የተጻፈውን መሆኑን ነው።

«እውነቱን ቢናገርስ?» አለች ባቱል።

«እዚህ ላይ ነው ነገሩ» አለች ኢሕሳን፣ ሳቋ ጠፋ። «ተናግሮ ካስረዳ እውነተኛውን ዋጋ ክፈዪ ትባያለሽ፣ አለቀልን። ግን ከተናገረ ግብር ደበቅኩ ማለቱ ነው። አሥራ አራቱም ሕንፃ እንዲሁ ነው የተጻፈው። ግብር ሰብሳቢዎቹ አንዷን ክር ካገኙ ሹራቡን በሙሉ ይተረትሩታል። አይናገርም ብዬ አስባለሁ። አስባለሁ ነው ያልኩሽ።»

ወጪው ተጨምሮ የሚያስፈልጋት አምስት መቶ አሥራ ስድስት ሺህ ነበር። ባቱል ከመርፌና ከክር ያጠራቀመችው ሠላሳ አንድ ሺህ።

መጀመሪያ ባንክ ሄደች፤ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ባንክ ነው የሚሄደው፣ ተስፋውን እዚያ ጨርሶ እንዲገላገል። ከረባት ያሰረው ልጅ ደሞዝሽን የሚያሳይ ወረቀት አለሽ ወይ አላት። የለኝም። ቤቱ ለብቻሽ በስምሽ ነው ወይ? አይደለም፣ ለዚያ ነው የመጣሁት። ልጁ አዘነላት፣ ያልተከፋፈለ የውርስ ቤት ባንክ በመያዣ አይወስድም ብሎ ከረሜላ ጋበዛት። ከዚያ ወለድ አንበላም ወደሚሉት ባንክ ሄደች። እነሱ በጨዋ ደንብ አስቀምጠው ሻይ ሰጡና አስረዷት፤ እኛ ቤቱን ራሳችን ገዝተን በትርፍ በየወሩ ክፍያ እንሸጥልሻለን አሉ፣ ግን ከሐጁ እጅ መንጠቅ የምትችዪው አንቺ ብቻ ስለሆንሽ እኛ ልንገዛው አንችልም። ሻዩ ጥሩ ነበር። ስምንት ቀን አለፈ።

በዘጠነኛው ቀን አንድ ደላላ መጣ። ነጭ ጫማ የተጫማ፣ አፉ ማር የሆነ ሰውዬ። የታንጀር ባለሀብት ሰምቶ አዝኖልሻል፣ ሙሉውን ገንዘብ ነገ ያመጣል አላት፤ አንቺ ቤቱን በመብትሽ ታስመልሺያለሽ፣ ከዚያ ለሱ ትሸጪለታለሽ፣ ላንቺም አንድ አፓርታማ ይሠራልሻል። ይህቺን ትንሽ ወረቀት መፈረም ብቻ ነው። ባቱል እውነቱን ለመናገር ብዕሩን አንስታ ነበር። ሐጅ ምፈደል ቤቱን ከማጣቱ በቀር ምንም ግድ አልነበራትም፤ ቤቱን ሰይጣን ቢወስደውም ያ ሰውዬ አይውሰደው እንጂ። ግን ልብስ ሰፊ ሳትለካ አትቆርጥምና ነገ ና አለችው።

ኢሕሳን ስትሰማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። ይህ መብት ለራስ ነው የሚወሰደው፤ ለሌላ ሰው ብለሽ እንደወሰድሽ የሚያሳይ አንዲት ወረቀት ከተገኘች ሁሉም ነገር ይፈርሳል አለቻት። በማግስቱ ባቱል ደላላውን በደረጃው ጭምር አዋርዳ ሸኘችው። ከሰገነቷ ቁልቁል ብታይ፣ ነጭ ጫማው ማዕዘኑን ዞሮ የሐጅ ምፈደል መኪና ውስጥ ሲገባ አየች። ለካ ፈርቷታል። ይህ ሰውዬ፣ እሷን። ያን ቀን ከምሳ በኋላ ሁለት ጀለባ አከታትላ ሰፋች።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማሰብ ትታ ያላትን ሁሉ ገንዘብ ማድረግ ጀመረች። ከእናቷ የወረሰችውን፣ ለትልቋ ልጇ ሠርግ ያስቀመጠችውን የወርቅ መታጠቂያ ጎረቤት ከተማ ቴቱዋን ወስዳ ሸጠች፤ ዘጠና አምስት ሺህ። የምትኖርበትን የላይኛውን ፎቅ ወለድ አገድ ሰጠችው፦ አንድ የሒሳብ አስተማሪ መቶ ሃምሳ ሺህ ቆጥሮ ሰጣት፣ ሁለት ዓመት ኪራይ ሳይከፍል ሊኖርበት፣ ሲወጣ ገንዘቡን መልሳ ልትሰጠው። እሷና ልጆቿ ሰገነት ላይ ካለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል ገቡ። ታናሽየዋ አልጋዋ ከቧንቧው ጋር መጋጨቱን አይታ «እማ፣ እዚህ ዝናብ ሲዘንብስ?» አለች። ባቱል፣ ዝናብ ሲዘንብ ዓሣ እናጠምዳለን አለቻት።

እቁቧን ማግኘት ቀላል አልነበረም። አሥራ አምስት ሴቶች ናቸው፣ በየወሩ አራት አራት ሺህ የሚጥሉ፤ ዳኛዋ ኸዱጅ ናት፣ ወደቡ ላይ ሰርዲን የምትሸጠው፣ ድምጿ ከመርከብ ጡሩምባ የማይተናነስ። የዚያ ወር ዕጣ የኸዱጅ የራሷ ነበር፤ የምራቷን የወሊድ ወጪ ልትሸፍንበት። ባቱል ለምን እንደፈለገችው ነገረቻት፣ የማን ቤት፣ ከማን እጅ። ኸዱጅ ቢላዋዋን ጨርቅ ላይ ጠረገች።

«ምራቴ ትወልዳለች፣ ገንዘብ ኖረም አልኖረም ትወልዳለች» አለች በመጨረሻ። «ውሰጂ። ግን ፊቱ ምን እንደመሰለ ቁጭ ብለሽ ትነግሪኛለሽ፣ አንድም ሳታስቀሪ።»

ይህ ሁሉ ተደምሮ ሦስት መቶ ሠላሳ ስድስት ሺህ ሆነ። መቶ ሰማንያ ሺህ ይጎድላል፤ ከቀኑ ደግሞ አምስት ቀርቷል። ገንዘቡ የት እንዳለ ባቱል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር። እዚያ ላለመሄድ ነበር ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ላይ ታች ያለችው።

አብዱልዋሒድ ቴቱዋን ይኖራል። በሩን ከፍቶ ሲያያት ፊቱ አመድ መሰለ። «ግቢ እህቴ» አለ፣ ሚስቱ ሻይ ለማፍላት ሸሸች። ባቱል በግድግዳው ዙሪያ ከተደረደሩት የሱፍ ፍራሾች በአንዱ ላይ ተቀመጠች፣ ወዲያውም ከስሯ ምን እንዳለ አወቀች። ሱፍ እንዲያ አይጎረብጥም። የፍራሹን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ሦስቱ ፍራሾች በሰም ክር ተሰፍተዋል፣ ይሄኛው ግን በተራ ነጭ ክር፣ ልምድ በሌለው እጅ፣ እዚህም እዚያም ዘሎ።

«አሰፋፍህ አያምርም» አለችው።

ወንድሟ ላብ አጠመቀው። ባንክ ላስገባው ብል ከየት አመጣህ ይሉኛል አለ። ዕዳ ነበረብኝ፣ ሱቁ ከሰረ፣ እነግርሻለሁ እያልኩ ቀኑ አለፈ አለ። ሐጁ ካንቺ ጋር እንደሚስማማ ምሎልኝ ነበር አለ። ባቱል ዓላል የሞተ ቀን አስከሬኑን ከሆስፒታል ያወጣው ይህ ወንድሟ መሆኑን እያሰበች ነበር፤ ያን እጅ ይዞ ነው ከዚያ ሰው ጋር የተጨባበጠው።

«መቶ ሰማንያ ሺህ» አለች።

«ሐጁ ከሰማ ይገድለኛል።»

«እኔ ደግሞ እዚህ ፍራሽ ላይ እኖራለሁ። ሐራጁ እስኪያልቅ። እያንዳንዱ እንግዳ በገባ ቁጥር ምን ላይ እንደተቀመጠ እነግረዋለሁ።»

መቀስ አመጣ። ስፌቱን የተረተረችው ራሷ ናት። ገንዘቡን በሻሽ ጠቅልላ ስትነሳ አብዱልዋሒድ በሩ ላይ ቆሞ «ይቅር ብለሽኛል?» አላት። እስክትመልስለት ሲጠብቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ገንዘብ ነው የጠየቅኩህ» አለችና ወጣች። መንገድ ላይ ግን ፈገግ አለች፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ እንዲህ ፈገግ ብላ አታውቅም። ሐጅ ምፈደልን ከቤቱ የሚያባርረው የሐጅ ምፈደል ገንዘብ ነው።

በሃያ ስምንተኛው ቀን ገንዘቡ በሙሉ ፍርድ ቤት ገባ። ከአራት ወር በኋላ ነበር ዳኛው ፊት የተቀጠሩት። ቀጠሮው ሳምንት ሲቀረው ሐጅ ምፈደል ራሱ መጣ፤ ሰባ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ሰገነቱ ላይ እስኪደርስ ትንፋሹ ተቆራረጠ። በተዘረጉት አንሶላዎች መካከል ቆሞ አካባቢውን አየ፣ የማጠቢያ ክፍሏን አየ፣ አፉን ሞልቶ ተናገረ።

ላላ ባቱል እያለ ነበር፣ በአክብሮት። ሁለት መቶ ሺህ በእጅሽ፣ አሁኑኑ፣ ክሱን ተዪው አለ። ባቱል አንሶላ አንስታ ስታሰጣ ሁለት መቶ ሃምሳ አለ። ሌላ አንሶላ ስታነሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እውነተኛውን ዋጋ ለዳኛው እናገራለሁ፣ ያኔ ሌላ ስምንት መቶ ሃያ ሺህ አምጪ ትባያለሽ፣ ይሄን የምሰጥሽንም ታጪያለሽ አለ።

እውነቱን ከተናገረ ባቱል አለቀላት፤ የልጇ መታጠቂያ፣ የኸዱጅ ዕጣ፣ ሁሉም። ግን ፊቷን እንደ ድንጋይ አድርጋ አንሶላ ማስጣቷን ቀጠለች።

«ይንገሯቸው ሐጅ» አለችው። «ዳኛው ደግ ሰው ናቸው፣ አረፍ ብለው ስለ ሌሎቹም ሕንፃዎች ያጫውቷቸዋል።»

የወረደበትን ደረጃ ቆጠረችለት። ሃምሳ ሁለት ነው።

በቀጠሮው ቀን ዳኛው ወረቀቶቹን አገላብጠው ሲያበቁ ቀና አሉ። ገዢውን ጠየቁት፦ ውሉ ላይ የተጻፈው ዋጋ የተከፈለው እውነተኛ ዋጋ ነው? ተቃውሞ ካለዎት አሁን ያሰሙ አሉ። የሐጅ ምፈደል ጠበቃ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። አዛውንቱ ወደ ባቱል ዞረ፣ የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሯል። ኢሕሳን ከጠረጴዛው በታች የባቱልን እጅ ያዘች፤ ሁለቱም እጆች በረዶ ነበሩ። ከዚያ ሐጅ ምፈደል ጉሮሮውን ጠረገና፣ ተቃውሞ የለኝም፣ የተጻፈው ነው አለ። ስምንት መቶ ሃያ ሺህ ድርሃም በዚያች ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጠፋ። ፍርዱ ሲነበብ ባቱል ጸሐፊው የሚለውን አልሰማችም፣ የሰውየውን ፊት እያየች ነበር፤ ለኸዱጅ ቃል ገብታለች።

ኮሪደሩ ላይ ሐጅ ምፈደል ከኋላቸው ደረሰባቸው። የተናደደ አይመስልም፣ ግራ የገባው ነው የሚመስለው፣ ያም ነገር ባቱልን አበሳጫት። ጠበቃውን ወደዚያ ብሎ አጠገቧ ካለው ግድግዳ ተደገፈ።

«ላላ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ። «ልሰጥሽ ያልኩት ገንዘብ፣ ለቤቱ ብለሽ ከሆነ፣ ከበቂ በላይ ነበር። ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የምትኖሪው ለምንድን ነው? ምን አድርጌሻለሁ?»

ባቱል ታሾፋለህ ልትል ነበር። ግን ዓይኑን ስታየው እያሾፈ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት በመኪናው ባጠገቧ ያለፈው ሰው እሷን የአብዱልዋሒድ እህት ብሎ ብቻ ነው የሚያውቃት። ስታስበው ስታሰላስለው የኖረችው ሰው ስለ እሷ አንድም ቀን አስቦ አያውቅም።

«የዓላል ሚስት ነኝ» አለችው። «የጂብስ ሠሪው። ከመወጣጫ ወድቆ የሞተው። አላውቀውም ብለህ የፈረምክበት።»

ሐጅ ምፈደል ግንባሩን ቋጠረ። በእውነት ለማስታወስ ይጥር ነበር፣ የተቻለውን ያህል፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ።

«የትኛው ነው?» አለ። «ከጣቢያው ጀርባ ካለው ሕንፃ የወደቀው? ወይስ ከባሕሩ ዳር፣ ከሰማያዊው?»

ዓላል የወደቀው ከወንዙ ማዶ ካለው ሕንፃ ነበር።

ሐጅ ምፈደል ትከሻውን ነቅንቆ፣ አላህ ይዘንላቸው ብሎ ሄደ። ኢሕሳን ቦርሳዋን እየዘጋች «አበቃ አክስቴ፣ ቤትሽ ነው፣ እንሂድ» አለች። ባቱል ግን አልተንቀሳቀሰችም። ከጣቢያው ጀርባ አንድ፣ ከሰማያዊው አንድ። ሚስት ይኖራቸዋል፣ ወይም እናት፤ የሆነ ሰገነት ላይ ልብስ እያሰጡ የሚኖሩ። እነሱም የሞተው የእኔ ብቻ ነው ብለው ነው የሚያስቡት።

ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተመልሳ ተቀመጠችና ኢሕሳንን ወረቀትና ብዕር ጠየቀቻት።